የዘጠኝ ሰዓት ውሃ

ዘነቡ የምትባለዋን ሴት ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ጠልቻታለሁ። ከሞተች ስምንት ዓመት አልፏታል፤ እኔ ግን አልተውኳትም። ለቅሶዋ ላይ ተገኝቼ፣ ንፍሮውን ቀምሼ፣ «ነፍስ ይማር» ብዬ፣ በሩን ስወጣ እንደገና ጠላኋት።

ያደረገችኝን ልናገር። በ2069 ዓ.ም.፣ በዐቢይ ጾም፣ አንድ ረቡዕ ጠዋት ማያ ቤት ተጠራሁ። ሴት ልጅ አሥራ ስምንት ሲሞላት ትጠራለች፤ ያኔም እንዲህ ነበር፣ ዛሬም እንዲህ ነው። ሆዷ በአልትራሳውንድ ይታያል፣ ደረጃ ይወጣላታል፣ በደረጃዋ ቤት ይመደብላታል። አንደኛ የወጣች ሦስት ክፍል አግኝታ ታገባለች፣ ትወልዳለች። ሁለተኛዋ ተራ ትጠብቃለች። ሦስተኛዋ ነጠላ ክፍልና ነጠላ አልጋ ይሰጣትና በዚያው ትረሳለች። ደረጃ አንዴ ከወጣ አይነካም።

ያን ቀን በሩ ላይ ውሃ የምታድለው ዘነቡ ነበረች። ሊትር ሙሉ ውሃ በኩባያ ሰጠችኝ። እኔ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጿሚ ነበርኩ፤ ውሃም አልቀምስም። ግን ጾመኛ ጾመኛ ነኝ ብሎ አያወራም፤ እናቴ ያሳደገችኝ እንዲህ ነው። ሰው ያቀረበልሽን መግፋትም ነውር ነው። ስለዚህ በሁለት እጄ ተቀበልኩ፣ ከንፈሬን አስነካሁ፣ ዞር ያለችልኝ መስሎኝ አግዳሚው አጠገብ ካለው የአበባ ማሰሮ ውስጥ ቀስ አድርጌ ደፋሁት። ዘነቡ ግን ዞር አላለችም ነበር። አየችኝ። ዐይን ለዐይን ተያየን። ባዶውን ኩባያ ከእጄ ተቀብላ ሰሌዳው ላይ አስቀመጠች፣ አውራ ጣቷን ጫነች፤ ሰሌዳው አረንጓዴ ሆነ። «ጠጥታለች» ማለት ነው። አንድ ቃል አልተነፈሰችም።

ሦስተኛ ወጣሁ።

ይርጋ የሚባል እጮኛ ነበረኝ። ሽማግሌዎቹ ከፋሲካ በኋላ መጡ፤ ያን ጊዜ ሽማግሌ የሚጠይቀው የልጅቷን ዘር ሳይሆን የማያ ቤት ወረቀት ነበር፣ ዛሬም ያው ነው። የይርጋ አባት ወረቀቱን አየና የገመጠውን ዳቦ አስቀመጠ። «ልጄን ነጠላ ክፍል ውስጥ አልቀብረውም» ብሎ ተነሣ። ይርጋ ራሱ በመስኮት ወደ ውጭ ያይ ነበር። ከዚያ በኋላ አላየሁትም፤ ሰሜን በኩል ባለ ሦስት ክፍል ውስጥ ሦስት ልጆች አሉት አሉ።

እኔ ደግሞ በሠላሳ ሦስት ዓመቴ ውሃ አዳይ ሆኜ ተመደብኩ። ዘነቡ ጡረታ ወጥታ ወንበሯ ባዶ ነበር። ሥራው ለሦስተኞች ነው የሚሰጠው፤ ባል የላቸው፣ ልጅ የላቸው፣ ከሥራ አይቀሩም። በገባሁ በሁለተኛው ሳምንት ክንዱን የሚጠግን ቴክኒሻን መጣ። ክንዱ ማለት ውስጥ ሆድ ላይ የሚሄደው ማሽን ነው፤ ሰው የለበትም። ቴክኒሻኑ ጄሉን ከእጁ እየጠረገ፣

«እትዬ ደብሪቱ፣ ውሃውን በደንብ አጠጫቸው እንጂ» አለኝ። «ዛሬ ግማሾቹ ደረቅ ናቸው።»

«ደረቅ ሲሆኑ ምን ይሆናል?»

«ፊኛቸው ካልሞላ አንጀቱ ይጋርዳል። ፊኛ ሲሞላ እንደ መስኮት ነው፣ ከጀርባው ማህፀን ቁልጭ ብሎ ይታያል። ባዶ ከሆነ ጥላ ብቻ ነው።»

«ጥላ ሲያይ ማሽኑ ምን ይላል?»

«ያላየውን ሦስት ይሰጠዋል» አለ፣ ዕቃውን ወደ ቦርሳው እየከተተ። የተለመደ ነገር ነው የነገረኝ። ጓንቱን ሲያወልቅ ነው ቀና ብሎ ያየኝ። «ምነው? ታመምሽ እንዴ?»

አልታመምኩም። አሥራ አምስት ዓመት ያለ በሽታ ነው የኖርኩት።

ጽሑፉን ልንገራችሁ። ማያ ቤት የሚመጣ ሰው ምን እንደሚጠብቀው የሚናገር ጽሑፍ አለ፤ በየጠዋቱ አግዳሚው ላይ ለተቀመጡት በቃሌ የምለው እኔ ነኝ። «እንኳን ደህና መጣችሁ። ካለፈው ማታ ጀምሮ ምግብ አልበላችሁም። አሁን አንድ ሊትር ውሃ ትጠጣላችሁ፤ ሽንት ቤት አትሄዱም። ከአንድ ሰዓት በኋላ ስማችሁ ሲጠራ ትገባላችሁ፣ ልብሳችሁን እስከ ደረታችሁ ትገልጣላችሁ። ጄሉ ይቀዘቅዛል፤ አያምም። ክንዱ ጫን ሲል አትንቀሳቀሱ። ትንፋሽ ያዙ ሲል ያዙ፣ ልቀቁ ሲል ልቀቁ። ምስሉን አታዩም። ሃያ ደቂቃ ይፈጃል። ከጽሑፉ ውጭ ጥያቄ አይመለስም።» ይኸው ነው። ውሃው ለምን እንደሆነ ጽሑፉ ውስጥ የለም።

መጀመሪያ ለሦስት ሳምንት ያህል ነገርኳቸው። «ልጄ፣ ጠጪ፣ ካልጠጣሽ አይታይም» እላለሁ በሹክሹክታ። ማያ ቤት ውስጥ ግን ሹክሹክታ የለም፤ ሁሉም ይቀዳል። ከጽሑፉ ውጭ ተናግራለች ተብሎ የክፍሌ መብራት አርባ ቀን ተቋረጠ። ያን ጊዜ ብርክታዊት ሰባት ዓመቷ ነበር። የእህቴ ልጅ ናት፣ እናቷ በአራት ዓመቷ ሞታባት እኔ ነኝ ያሳደግኳት። ደረጃ ሦስት መውለድ እንጂ ማሳደግ አይከለከልም። አርባ ቀን ቀዝቃዛ በላች፤ በጨለማ ፊደል እየዳበሰች ጻፈች። ከዚያ በኋላ አፌን ዘጋሁ፤ ጣቴን ግን ጫንኩ።

አሥራ አንድ ዓመት። በጾም ይመጣሉ፤ የሴቶች ቀን ረቡዕና አርብ ነው። ኩባያውን በሁለት እጃቸው ይቀበላሉ፣ ከንፈራቸውን ያስነካሉ፣ ማሰሮው ውስጥ ይደፋሉ። የሙስሊሞቹ ቀጠሮ ደግሞ ረመዳን ላይ ይበዛል። ሁሉም ጠዋት ነው፤ ማያ ቤት ስምንት ሰዓት ላይ ይዘጋል። እንዲህ ይሁን ብሎ ሲያዝ የሰማሁት ሰው የለም። የማሰሮው አበባ ግን በጾም ወራት እስከ መስኮቱ ጫፍ ይደርሳል፣ በሃምሳው ይጠወልጋል። እኔ አየዋለሁ፣ አውራ ጣቴን እጭናለሁ፣ አረንጓዴ ይሆናል።

እውነቱን ከተናገርኩ አይቀር፣ አንዳንዷን ስጫንባት ደስ ብሎኛል። ቀለበት አድርጋ፣ ሽቶ ተቀብታ፣ «እማማ፣ ቶሎ በይልን እንጂ፣ ሥራ አለን» የምትለኝ ነበረች። እማማ! ዕድሜዬ አርባ እንኳ አልሞላ ነበር። ጫንኩላት። ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ ዘነቡም በእኔ ላይ እንዲህ ደስ ብሏት ይሆን ብዬ አሰብኩ። ስለዚህም ጠላኋት።

ዘነቡ ስትሞት አንድ ጊዜ መዝገብ ቤት ሄጄ ነበር። መስኮቱ ላይ ያለው ድምፅ ጉዳዬን ከሰማ በኋላ፣ «ማረጋገጫውን የሰጠው ሰው ራሱ ቀርቦ ሐሰት ነው ካለ፣ ተገልጋይዋ እንደገና ትታያለች» አለኝ።

«ሞታለች እኮ።»

«እንግዲያው መዝገቡ ዝግ ነው» አለ። «ሌላ ጉዳይ አለዎት?»

የለኝም አልኩ። የእኔ ነገር እዚያ አለቀ።

ዘንድሮ ብርክታዊት አሥራ ስምንት ሞላት። ጥሪዋ በዐቢይ ጾም፣ በስድስተኛው ሳምንት አርብ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ሆነ። ናሆም የሚባል የምትወደው ልጅ አላት፣ ደህና ልጅ ነው። ቤተሰቡ ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ሽማግሌ ሊልክ ተነጋግሮ ጨርሷል። ልጅቷ ጾሟን እንደ እናቷ ነው የምትይዘው። ባለፈው ሳምንት ከእኩለ ሌሊት በፊት ጠጥታ ሽንቷን እንድትይዝ ሞክረን ነበር፤ አሥራ ሁለት ሰዓት እንኳ ሳይደርስ ወደ ሽንት ቤት እየሮጠች ሄደች። ቀጠሮ አይቀየርም። የቀረች እንደ ሦስተኛ ትቆጠራለች።

ያን አርብ ጠዋት ከሠላሳ አንደኛ ፎቅ በሊፍት ስንወርድ፣

«ብርክታዊት፣ ዛሬ ውሃውን ትጠጫለሽ» አልኳት።

«አልጠጣም፣ እታለም።»

«ጠጪ ብዬሻለሁ!»

«አንቺ ጠጥተሽ ነበር?»

«እኔ አላወቅኩማ!»

«እኔ ደግሞ አውቄ አልጠጣም። ልዩነታችን ይኸው ነው።»

«የንስሐ አባትሽ ይፈቅዱልሽ ነበር እኮ። ጠይቂ ስልሽ—»

«ለታመመ ነው የሚፈቀደው። እኔን ምን አመመኝ? ቤት የሚያድል ሰው ሆዴን ልይ ስላለ ታመምኩ ማለት ነው?»

«ሦስተኛ ከወጣሽ የናሆም ሰዎች አይመጡም።»

«ናሆም ደረጃዬን ነው እንዴ የሚያገባው?»

«ይርጋም እንዲህ ይል ነበር» አልኩ።

ሊፍቱ ምድር ደርሶ በሩ ሲከፈት፣ «ይቅር እንግዲህ፣ ቢቀር ይቅር» አለች። ነጠላዋን ግን ሁለት ጊዜ አጣፍታ እንደገና ፈታችው። እልኸኛ ናት፤ ከማን እንደወሰደችው አውቃለሁ።

ማያ ቤት ስንደርስ ተለያየን። እሷ አግዳሚው ላይ ከሌሎች አሥራ አንድ ልጆች ጋር ተቀመጠች፤ እኔ የሥራ ካፖርቴን ለበስኩ። ጽሑፉን አልኩ። ውሃውን አደልኩ። አሥራ ሁለት ኩባያ፣ አሥራ ሁለት ከንፈር፣ ከዚያ ማሰሮው። ብርክታዊት የመጨረሻዋ ነበረች። ስትደፋ ቀና ብላ አየችኝ። ያቺ የተያየንባት ሰዓት ደግሞ መጣች፤ አሁን ዘነቡ እኔ ነኝ።

የመጀመሪያዋን ልጅ ኩባያ ሰሌዳው ላይ አስቀመጥኩ። ሰሌዳው ላይ ሁለት ምልክት አለ። አረንጓዴው ከብዙ መጫን ልሟል፤ ግራጫው አዲስ እንደሆነ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ነክቼው አላውቅም። አውራ ጣቴን ግራጫው ላይ ጫንኩ።

«አልጠጣችም» አለ የሰሌዳው ድምፅ፣ ለሁሉም በሚሰማ። «ተገልጋይዋ እስክትዘጋጅ በመጠባበቅ ላይ።»

ሁለተኛዋን ጫንኩ። ሦስተኛዋን። አሥራ ሁለቱንም። ውስጥ የክንዱ ጉርምርምታ ቆመ። ጸጥታው እንግዳ ሆነብኝ፤ ሲጠፋ ነው ለካ ድምፅ እንደነበረው ያወቅኩት።

መጀመሪያ የጮኸችው ፌቨን የምትባል ልጅ ናት። «እኔ መቼ አልጠጣሁም? ጠጥቻለሁ! አሥር ሰዓት ተረኛ ነኝ፣ ምን ነካሽ ሴትዮ?»

«ማሰሮው ነው የጠጣው» አልኳት።

«ውሸታም!»

«ቅጠሉን እዪው እስቲ፤ ከአንቺ ይወፍራል።»

አንዲቷ ሳቀች፤ ወዲያው አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። ሌሎቹ አንገታቸውን ደፉ። ጾማቸው በሰው ፊት መነገሩ አሳፍሯቸዋል። ብርክታዊት ፊቷ ቀልቶ፣ «አዋረድሽኝ» አለች በቀስታ። «በሰው ፊት አዋረድሽኝ፣ እታለም።»

የጣቢያው ኃላፊ ኢዮስያስ ከውስጥ እየሮጠ ወጣ። ሠላሳ ያልሞላው፣ ጫማው ሁልጊዜ የሚያብረቀርቅ ልጅ ነው። ደስ ሲለው እትዬ ይለኛል።

«እትዬ ደብሪቱ፣ ሰሌዳው ተበላሸ እንዴ?»

«ደህና ነው።»

«እንግዲያው ምንድነው ይሄ ግራጫ?»

«አልጠጡም። አልጠጡም ብዬ ጫንኩ።»

ወደ አግዳሚው አየ፣ ወደ ማሰሮው አየ። አልገረመውም። ያን ጊዜ ነው እሱም ከመጀመሪያ ጀምሮ እንደሚያውቅ የገባኝ። ጠጋ አለና፣ «አስተካክዪው» አለ።

«ሲጠጡ አስተካክላለሁ።»

«መቼ ነው የሚጠጡት?»

«ዘጠኝ ሰዓት።»

«ስምንት ሰዓት እንዘጋለን!»

«ተገልጋይ እየተጠበቀ አይዘጋም። ደንቡን ያነበብክልኝ አንተ ነህ» አልኩት። ፊደል እምብዛም አልቆጠርኩም፤ የተነገረኝን ግን አልረሳም። አንዴ የተከፈተ ቀጠሮ ልጅቷ ወይ ተዘጋጅታ ካልገባች ወይ በእግሯ ትታ ካልሄደች አይዘጋም። የቀኑ ጣት ደግሞ የእኔ ብቻ ነው፤ ሌላ ሰው ሊጫን አይችልም።

ይህን እሱም ያውቃል። በሩ ላይ ወደቆመው ዘበኛ ዞረ። «ጋሽ በዳሳ! ይቺን ሴትዮ ያዛትና ጣቷን አረንጓዴው ላይ አድርግ።»

ጋሽ በዳሳ ጆሮውን አከከ። «የሴት ጣት ጎትቼ ልጫን?» አለ። «እንዲህ ያለ ሥራ እንኳ ውሌ ውስጥ የለም፣ አቶ ኢዮስያስ።»

«አንተም ልትባረር ነው!»

«እሺ» አለ ጋሽ በዳሳ፣ ባለበት እንደቆመ።

ኢዮስያስ ወደ ልጆቹ ዞረ። ድምፁን አለሰለሰ። «እህቶቼ፣ ይህች ሴት የራሷ ችግር አለባት። መሄድ የምትፈልግ መሄድ ትችላለች።»

ፌቨን ቦርሳዋን አንሥታ ተነሣች።

«ቁጭ በይ!» አልኳት። «ከዚያ በር ከወጣሽ ትታ ሄደች ይልሻል፤ ትታ የሄደች ሦስተኛ ናት። ደርቀሽ ከገባሽም ሦስተኛ ነሽ። ውሃው ከሌለ ማሽኑ ሆድሽን አያየውም፣ ያላየውን ሦስት ነው የሚለው። እኔን እዪኝ። በአሥራ ስምንት ዓመቴ እዚያው አንቺ የተቀመጥሽበት ቦታ ተቀምጬ፣ እዚያው ማሰሮ ውስጥ ደፍቼ፣ ጤነኛ ሆዴን ይዤ ሦስተኛ ወጣሁ። ሃያ ስድስት ዓመት በነጠላ ክፍል! ጹሙ፤ ማንም ጾማችሁን አይነካም። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ትጠጣላችሁ፣ አሥር ሰዓት ላይ ትገባላችሁ።»

ሁሉም ተቀድቷል። ይቀዳ።

ፌቨን በሩንና እኔን እያየች ቆየች። ከዚያ ተቀመጠች። «ከሥራ ብባረር አንቺ ነሽ የምትመግቢኝ» አለች።

ከዚያ ስድስት ሰዓት ያህል ጠበቅን። ኢዮስያስ አራት ጊዜ ወጣ፣ አራት ጊዜ ገባ። ስድስት ሰዓት ላይ ምሳውን አስመጥቶ ውስጥ መብላት ሲችል እኔ ፊት፣ ባንኮኒው ላይ ዘረጋው። የበግ ቅቅል ነው፤ እንፋሎቱ አግዳሚው ድረስ ይደርሳል። አጥንቱን እየጋጠ ልጆቹን ያያል።

«እግዜር ይስጥልን» አለች መጀመሪያ የሳቀችዋ ልጅ። «በእንፋሎቱ ብቻ ጠገብን።»

አሁን ብዙዎቹ ሳቁ። ብርክታዊት አልሳቀችም። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተቀምጣለች።

ኢዮስያስ እጁን ጠርጎ ወደ እኔ ጎንበስ አለ። «አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለ፤ እትዬው ቀርቷል። «በዚህ ሰፈር ዘንድሮ ያለው ባለ ሦስት ክፍል ቤት ስንት እንደሆነ ታውቂያለሽ? ዘጠኝ ነው። ዘጠኝ! ማሽኑ ሁሉንም አይቶ አንደኛ ቢላቸው የት ነው የማስገባቸው? አንቺ ክፍል?»

«ስለዚህ ቤት የለንም በሏቸው።»

«እንደዚያ አይባልም።»

«ማህፀን የላችሁም ከማለት ይሻላል» አልኩት።

ስምንት ሰዓት ሆነ። መብራቶቹ ሊጠፉ አንዴ ብልጭ ብለው ተመለሱ። «በመጠባበቅ ላይ ያለ ተገልጋይ አለ» አለ ድምፁ። ኢዮስያስ ግድግዳውን በእርግጫ መታው፣ ጫማው ተጫረ።

የግድግዳው ሰዓት ዘጠኝ ሲል ማንም አልተነሣም። እርስ በርስ ተያዩ። ማን ቀድሞ ይጠጣ? እኔም ጿሚ ነበርኩ። ኩባያ ሞልቼ አማተብኩና መካከላቸው ቆሜ ጠጣሁ። ከዚያ ፌቨን ተቀበለች፣ ከዚያ ሌሎቹ። የሚንቆረቆረው ጉሮሯቸው ይሰማል።

ብርክታዊት ጋ ስደርስ አልተቀበለችኝም።

«ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል» አልኳት።

«አይቻለሁ።»

«ታዲያ?»

«ከሥራ ያባርሩሻል። ክፍሉንም ይወስዱታል።»

«ይወስዱታል።»

«ይህን ሁሉ እኔን ሳትጠይቂ ነው ያደረግሽው።»

«ብጠይቅሽ እምቢ ትዪ ነበር።»

«እልም ያልሽ ክፉ ነሽ እኮ» አለች። ዐይኗ እንባ ሞልቶ ኩባያውን ከእጄ ነጠቀችኝ፣ አንድ ጊዜ እንኳ ሳታርፍ እስከ ታች ጠጣችው። አንድ በአንድ ኩባያዎቹን ሰሌዳው ላይ እያስቀመጥኩ አረንጓዴውን ጫንኩ። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት የማላፍርበት አረንጓዴ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

አንድ ሰዓት ውሃ ጠጥቶ መቀመጥ ምን እንደሆነ የቀመሰ ያውቀዋል። እግራቸውን ያጠላልፋሉ፣ ይነሣሉ፣ ይቀመጣሉ። «አታስቁኝ በእናታችሁ፣ እዚሁ ነው የምለቀው» ትላለች አንዷ። ከአሥር ሰዓት ጀምሮ ክንዱ ተራ በተራ ጠራቸው። ከበሩ ውጭ ሆኜ ድምፁን እሰማለሁ፤ ትንፋሽ ያዙ፣ ልቀቁ። ብርክታዊት ስትገባ እኔም ትንፋሼን ያዝኩ።

አሥር ሴቶች አንደኛ ወጡ። ሁለቱ ሁለተኛ። ሦስተኛ አልነበረም። ብርክታዊት አንደኛ ናት። ወረቀቱን ይዛ ከፊቴ ቆመች፣ አልሳመችኝም፣ አላመሰገነችኝም። «ውጭ እጠብቅሻለሁ» ብላ ሄደች።

ልጆቹ በሙሉ ሲወጡ ሰሌዳው አልጠፋም። «የዛሬው ማረጋገጫ ከቀድሞዎቹ ጋር አይመሳሰልም» አለ ድምፁ። «ምክንያቱን ይግለጹ።»

ኢዮስያስ በሩን ዘጋና ቀረበኝ። አሁን እትዬ ተመለሰች። «እትዬ ደብሪቱ፣ ስሚኝ። ሰሌዳው ተበላሽቶ ነበር በይ። እኔም እላለሁ፣ ሁለታችንም እንተርፋለን። ልጅሽ አንደኛ ወጥታልሻለች፤ ከዚህ በላይ ምን ትፈልጊያለሽ?»

«ሌላ ካልኩስ?»

«የሐሰት ማረጋገጫ ለእያንዳንዷ ስድስት ወር ነው። ጨው ሜዳ፣ በፀሐይ። ተረዳሽኝ? ለእያንዳንዷ!»

ተረድቻለሁ። ቁጭ ብዬ አሰብኩ፤ ብዙ አይደለም፣ ትንፋሽ እስክመልስ ነው። ዘነቡ በጡረታዋ ዘመን በየቀኑ በማያ ቤት በር ታልፍ ነበር። አንድ ቀን ገብታ አንድ ቃል ብትናገር ይበቃኝ ነበር። አልተናገረችም፣ ሞተች። እኔ አልሞትኩም። አሁን እነዚያ ሽቶ የተቀቡት፣ እማማ ያሉኝ፣ አንገታቸውን የደፉት፣ የትም ነጠላ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ስሜን ሳያውቁ የሚጠሉኝ፣ የእነሱ መዝገብ ክፍት የሚሆነው እኔ እስትንፋስ እስካለኝ ድረስ ነው።

«ሰሌዳው ደህና ነው» አልኩ ጮክ ብዬ። «የተበላሸችው ጣቴ ናት። አሥራ አንድ ዓመት፣ በጾም ቀን የመጡትን ሴቶች ሳይጠጡ ጠጥተዋል ብዬ ጭኛለሁ። እያየሁ ነው የጫንኩት።»

«አንቺ እብድ!» አለ ኢዮስያስ።

«የትኞቹን?» አለ ድምፁ።

«ሁሉንም። የጠጣች ብትኖርም ደግማ ብትታይ አይጎዳትም።»

ድምፁ መዝገቡን ቆጠረ። «በክርስቲያን አጽዋማትና በረመዳን የተረጋገጡ፣ ሁለት ሺህ አንድ መቶ ሰባት ተገልጋዮች። ሐሰት መሆኑን ያረጋግጣሉ?»

ኢዮስያስ በጣቱ ሊያሰላ ጀመረ። «ሺህ ዓመት ነው እኮ» አለ፣ ከራሱ ጋር እንደሚያወራ። «ሺህ ዓመት ከምናምን ነው።»

«ልጀምረው እንግዲህ» አልኩና ጣቴን አኖርኩ።

«ተረጋግጧል» አለ ድምፁ። «ለሁሉም ተገልጋዮች ዳግም ቀጠሮ ይመደባል። የሚመርጡት ጊዜ አለ?»

ለውሃ አዳይ እንዲህ ያለ ጥያቄ ቀርቦላት አያውቅም።

«አለ» አልኩ። «የክርስቲያኖቹን በሃምሳው አድርገው፣ ማንም በማይጾምበት። የሙስሊሞቹን ከኢድ በኋላ። ጥሪው ላይ ደግሞ ውሃው ለምን እንደሆነ ጻፍ፤ እኔ እነግርሃለሁ፣ አንተ ጻፍ።»